የዱቤ መዝገብ በድምፅ የሚይዝ ኤአይ ሠራን፤ በምን እናስከፍል? ማስታወቂያው ላይስ «ኤአይ» እንበል?

ደብተር_ያዥ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ረዘም ይላል። ምክር ፈልጌ ነውና ታገሡኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሆነን የምንሠራበት አነስተኛ ስታርትአፕ አለን። የፕሮዳክት ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምርታችን ለጅምላ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ ይይዛል። ነጋዴው መተየብ አይጠበቅበትም። ቴሌግራም ላይ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፦ «ለኮልፌዋ ሴትዮ ሃያ ካርቶን ሳሙና፤ ግማሹን ከፍላለች፤ ቀሪውን ለሐምሌ አምስት።» ቦቱ (ቴሌግራም ላይ በራሱ የሚመልሰው ፕሮግራማችን) ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል። ከዚያ ማን ወሰደ፣ ምን ወሰደ፣ ስንት ቀረ፣ መቼ ይከፈላል የሚለውን ለይቶ መዝገብ ላይ ያስገባል። ቀኑ ሲደርስ ነጋዴውን ያስታውሰዋል።

14 ሱቆች ለአራት ወር በነፃ ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። አሥራ ሁለቱ መርካቶ፣ ሁለቱ እህል በረንዳ ናቸው። አሁን ማስከፈል ግድ ሆኖብናል፤ የያዝነው ገንዘብ እያለቀ ነው። ሦስት ነገር ግን አላስተኛ ብሎኛል።

አንደኛው ዋጋ ነው። ወጪያችን በዶላር፣ ገቢያችን በብር ነው። አንዱ ነጋዴ በቀን አምስት ድምፅ ይልካል፤ ሌላው ስድሳ። ለሁሉም እኩል ወርሃዊ ክፍያ ብናደርግ ሥራ የበዛበት ነጋዴ ያከስረናል። በድምፅ ብዛት ብናስከፍል ደግሞ ለመላክ ይሳሳሉ። ካልላኩ መዝገቡ ይጎድላል። የጎደለ መዝገብ ለማንም አይረባም።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። አንዱ ባልደረባዬ «በኤአይ የሚሠራ» የሚለው በትልቁ ይጻፍ ይላል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ለምን እንዳልተቀበለው ራሴም በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ነጋዴ «ልጄ ቻትጂፒቲ ላይ ይህንኑ አሳየኝ፤ በነፃ ይሠራል» አለኝ። መልስ አጣሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?


ኮድ_በቡና | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

ከወጪው ልጀምር። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ እንደ ቻትጂፒቲ ባሉ የኤአይ ሞዴሎች አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይወደዳል። የሚያስከፍሉት በቶከን ነው፤ ቶከን ማለት ጽሑፉ የሚቆራረጥበት ቁራሽ ነው። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቶከን ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጥበት ስልት ነው) አንዱ ብቻውን ሦስት ባይት ይይዛል። «አልከፈለችም» የምትለዋ አንዲት ቃል ሰባት ፊደል፣ 21 ባይት ናት። ሞዴሎቹ ሲሠለጥኑ ያዩት አማርኛ ትንሽ ስለሆነ ቃሏ ብዙ ቦታ ትሰባበራለች። ለዚያ ሁሉ ስብርባሪ ነው የምትከፍሉት።

ስለዚህ ለሞዴሉ የምትሰጡትን መመሪያ በእንግሊዝኛ ጻፉት። የነጋዴውን የአራት ወር ታሪክ በየድምፁ አብራችሁ አትላኩ፤ የዚያን ሱቅ የደንበኞች ስም ዝርዝር ብቻ ላኩ። «ማን፣ ምን፣ ስንት» ለመለየት ትልቁ ሞዴል አያስፈልግም፤ ትንሹ ይበቃል። ደግሞ ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው ክፍል ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ምናልባት ዋናው ሂሳባችሁ እዚያ ይሆናል። በየሱቁ ለይታችሁ ለክታችኋል?


ደብተር_ያዥ | ሰኞ፣ ቀን 6፡40

አልለካንም። የምናውቀው የወሩን ድምር ብቻ ነው። ዛሬ ማታ እንጀምራለን። ታሪኩንም በየጊዜው አብረን ስንልክ ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ።


ከሲያትል | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

«ልጄ በነፃ አሳየኝ» ስላለሽ ነጋዴ ትንሽ ልበል። እዚህ አገር ፕሮዳክት ላይ ነው የምሠራው፤ ይህ ጥያቄ ስንቱን ሲጥል አይቻለሁ።

ጃስፐር የሚባል ድርጅት ነበረ፤ አሁንም አለ። የማስታወቂያ ጽሑፍ በኤአይ ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ተተምኖ 125 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ቻትጂፒቲ የወጣው በኖቬምበር 30 ነው። በሁለት ወር ውስጥ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ጃስፐር ሠራተኛ ቀነሰ። ቼግንም አስታውሱ። ተማሪዎችን በቤት ሥራ የሚያግዝ ድርጅት ነው። በሜይ 2023 ዋና ሥራ አስኪያጁ ቻትጂፒቲ አዲስ ደንበኛ እንዳይመጣ እያደረገ ነው ብሎ ሲናገር አክሲዮኑ በአንድ ቀን ግማሽ ገደማ ወረደ።

ሁለቱም ይሸጡት የነበረው መልስ ነው፤ ጽሑፍ ወይ የጥያቄ መልስ። መልስ ሞዴሉ ራሱ መስጠት የሚችለው ነገር ነው። አንቺ ግን መልስ አይደለም የምትሸጪው። የአራት ወር መዝገብ ነው። የልጁ ስልክ ላይ ያለው ቻት የልጁ ነው። ሱቅ ውስጥ አባትም ይሸጣል፣ ልጅም ይሸጣል፣ ተቀጣሪም ይሸጣል። ሦስቱ አንድ መዝገብ ካላዩ ምኑን መዝገብ ሆነ?

እኔ ራሴን ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው። ሞዴሉ ነገ አሥር እጥፍ ቢጎብዝ ምርቴ ይበረታል ወይስ አያስፈልግም? የእናንተ ይበረታል ብዬ አምናለሁ፤ ድምፁን በተሻለ ይሰማላችኋል፤ መዝገቡ ግን እናንተው ጋ ይቀመጣል። ይህ ግን መዝገቡ የሚታመን ከሆነ ነው።


የሱቅ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

ምን ያህል እንደምትረዱኝ አላውቅም፣ እኔ ቴክኖሎጂ ላይ አልሠራም። ግን ይህን ርዕስ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቴ ምናለሽ ተራ አጠገብ 30 ዓመት ነግዷል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ደብተሩን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ባለዕዳ አንድ ገጽ። ሰውየው ሊከፍል ሲመጣ ደብተሩ ፊቱ ይከፈታል። ዕዳውን በዓይኑ ያያል። ብሩ ይቆጠራል። ከዚያ አባቴ መስመሩን በስክሪብቶ ይሰርዘዋል፤ ሰውየው እያየ። ያ ስረዛ ትልቅ ነገር ነው። ሳይሰረዝ ከሱቁ የሚወጣ የለም። አባቴ ደንበኛ በዝቶበት ቢዘነጋ እንኳ ሰውየው «ጋሼ፣ ሰርዙልኝ እንጂ» ይላል።

እናንተ ጋ ያ መስመር የት ነው ያለው? ባለዕዳው ያየዋል? ወይስ ነጋዴው ብቻውን ከስልኩ ጋር ነው የሚነጋገረው? መዝገቡን አንድ ወገን ብቻ የሚያየው ከሆነ፣ ጠብ የመጣ ቀን ማንንም አያስታርቅም።

ሌላው ስም ነው። አባቴ ደብተር ላይ አምስት ከድር ነበሩ። ከድር ትንሹ፣ የአዳማው ከድር፣ ከድር መነጽር፣ እያለ ይቀጥላል። ስልክ ቁጥር ተጽፎ አያውቅም። ሁለቱን ከድሮች የምታቀላቅል ማሽን አባቴ ሱቅ ውስጥ ሁለተኛ ቀን አታድርም።

ሦስተኛው፣ ለአንዳንድ ሰው በቀኑ መደወል መስደብ ነው። አባቴ ማንን በቀኑ እንደሚጠይቅ፣ ማንን እስከ በዓል እንደሚታገሥ ያውቅ ነበር። ማስታወሻው ለነጋዴው ብቻ መሆኑ ጥሩ ነው፤ በፍጹም ለባለዕዳው በቀጥታ እንዳትልኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ። እስካሁን ከሠራችሁት ስህተት የከፋው የቱ ነበር?


ደብተር_ያዥ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። እነግርሻለሁ።

ከላይ ምሳሌ ያደረግኳት የኮልፌዋ ሴትዮ እውነተኛ ናት። ነጋዴው «ቀሪውን ለሐምሌ አምስት» ብሎ ላከ። ሞዴሉ ሐምሌን ጁላይ ብሎ ተረጎመው። መዝገባችን ቀኑን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ስለሆነ ጁላይ 5 ተብሎ ገባ። ሐምሌ 5 ግን የሚውለው ጁላይ 12 ነው። ቦቱ ሰባት ቀን ቀድሞ አስታወሰ። ነጋዴው አመነውና ደወለ። ሴትዮዋ ተቀየመች። ብሩን በማግስቱ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች። አሁን ዕቃ የምትወስደው ከሌላ ሰው ነው።

ነጋዴው አልጮኸብኝም። «የ11 ዓመት ደንበኛዬ ነበረች» ብቻ ነው ያለኝ። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያሳመመኝ ሌላው ነገር፣ የራሳችንን ፈተና ሁሉ አልፎ መሄዱ ነው። ስሙ ትክክል፣ ዕቃው ትክክል፣ ብሩ ትክክል። ስንፈትነው «ነገ»፣ «በሳምንቱ»፣ «ቅዳሜ» እያልን ነው የፈተነው። የወር ስም ጠርቶ የፈተነ ሰው ከአራታችን አንድም አልነበረም። ከዚያ በኋላ «ጳጉሜን ሦስት» ብለን ሞከርን፤ ሴፕቴምበር 3 ብሎ አስገባ። እኛ አገር 13 ወር አለ፤ ሞዴሉ ለዚያ አንድ ወር ማደሪያ የለውም።

አሁን ቀን እንዲያሰላ አንፈቅድለትም። የሰማውን ወርና ቀን እንዳለ ይጽፋል፤ የሚቀይረው ተራ ኮድ ነው። ሴትዮዋ ግን አልተመለሰችም።


ሳሪስ_አደይ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ቁጥሩስ? እህል በረንዳ «ሁለት ተኩል» ሲባል 2,500 ብር ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ኩንታል ተኩልም ሊሆን ይችላል። «አሥራ አምስት መቶ» ሲባልስ? በመርካቶ ጫጫታ ውስጥ፣ ግማሹ ነጋዴ አማርኛውን በጉራጊኛ ወይ በኦሮምኛ ቅላጼ ሲናገር፣ ይህ ሁሉ ተሰምቶ በትክክል ይገባል?


ደብተር_ያዥ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡25

ሁልጊዜ አይገባም። መጀመሪያ ላይ ቦቱ ያስገባውን በአኃዝ ጽፎ መልሶ ያሳይ ነበር፤ ነጋዴው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያጸድቃል። ከዚያ ለባለሀብቶች ስናሳይ ፈጠን ያለ እንዲመስል ብለን አወጣነው። ውሳኔው የእኔ ነበር። ተሳስቻለሁ።


ከሲያትል | ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡30

እህቴ፣ ይህን በግልጽ ስለጻፍሽ እናመሰግናለን። ብዙ ሰው ይማርበታል።

ከኤአይ በፊት የፕሮዳክት ሰው ሥራው ምን እንሥራ፣ ምኑን እናስቀድም ነበር። የተሠራው ነገር አንዴ ከሠራ ይሠራል። አሁን ግን ምርትሽ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ መሳሳቱንም አይነግርሽም። ስለዚህ ከሥራሽ ትልቁ ድርሻ የትኛው ስህተት ተጠቃሚውን ምን ያህል ይጎዳል ብሎ መለየት ሆኗል። «ሳሙና» የሚለውን «ሻሞ» ብሎ ቢጽፍ ነጋዴው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ብር ላይ አንድ ዜሮ ቢጨምር ጠብ ይነሣል። ቀን ቢያሳስት እንዳየሽው ደንበኛ ይሄዳል። እነዚህን በአንድ መቶኛ ደምሮ «95 በመቶ ትክክል ነን» ማለት ለነጋዴው ምንም አይነግረውም።

የምመክርሽ፣ ሱቆቹን አስፈቅደሽ ሁለት መቶ እውነተኛ ድምፅ ሰብስቢ። ከነጫጫታው፣ ከነቅላጼው። ከጳጉሜን ጋር፣ ከአምስቱ ከድሮች ጋር። ትክክለኛውን መልስ በእጅ ጻፉለት። እዚህ ኢቫል ይሉታል። ሞዴሉን በቀየራችሁ ቁጥር፣ መመሪያዋን በነካካችሁ ቁጥር በዚያ ላይ አስኪዱት። ሞዴል አቅራቢዎች በየጊዜው አዲስ እያወጡ አሮጌውን ይዘጋሉ። ትናንት የሠራው ነገ ላይሠራ ይችላል፤ ነጋዴው ሳይነግርሽ በፊት አንቺ ማወቅ አለብሽ።

ማጽደቂያውን መልሱት፤ ግን ለሁሉም አይሁን። ብሩ ትልቅ ሲሆን፣ ቀን ሲጠራ፣ ስሙ ሁለት ሰው ሲሆን ብቻ ይጠይቅ።


የገበያ_ሰው | ረቡዕ፣ ቀን 5፡00

በሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፤ እንጀራዬ ነው።

ባልደረባሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ለባለሀብት፣ ለውድድር፣ ለሥራ ቅጥር «ኤአይ» የሚለው ቃል በር ይከፍታል። ለነጋዴው ግን ሌላ ነው። ለኤአይ ብሎ ብር የሚያወጣ የሳሙና ጅምላ ነጋዴ አላየሁም። የሚያወጣው ገንዘቡ እንዳይጠፋበት ነው። እንዲያውም ቃሉ ጥያቄ ያስነሣል፦ ድምፄ የት ይሄዳል? ሂሳቤን ማን ያየዋል? ነጋዴ ይህን ሲያስብ መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ግብር ነው። አንቺ በማስታወቂያ የጀመርሽው ወሬ በሙግት ያልቃል።

ክላርና የሚባለውን የስዊድን የክፍያ ድርጅት አስታውሱ። በፌብሩዋሪ 2024 «ለደንበኞች የሚመልሰው የኤአይ ረዳታችን በአንድ ወር 2.3 ሚሊዮን ውይይት አስተናገደ፣ የ700 ሠራተኛ ሥራ ሠራ» ሲል ዓለም ሁሉ ሰማ። ለባለአክሲዮን ድንቅ ወሬ ነበር። ደንበኛው ግን የሰማው «ሰው አታገኝም» የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጥራቱ እንደወረደ ተናግሮ ሰው መልሶ መቅጠር ጀመረ። ምርቱ ላይ ያለውን ቃል ለማን እንደምትናገሪው ካልለየሽ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ሌላ ነገር ልጨምር። ድሮ ማስታወቂያ መጻፍ ከባድ ነበር፤ ጥሩ የጻፈ ይለይ ነበር። አሁን ማንም በአምስት ደቂቃ ሃያ ፖስት ያወጣል። የቴሌግራም ቻናሉ ሁሉ አንድ ሰው የጻፈው መስሏል። ሰው ማንበብ ተወ። ስለዚህ የሚያምነው ሰው የነገረውን ነው የሚሰማው። ነጋዴ ማንን ያምናል? የእቁብ ዳኛውን። በየሳምንቱ ብር የሚያስረክበው ለእሱ ነው። አንድ የእቁብ ዳኛ ዱቤውን በእናንተ ቢይዝ፣ እሁድ እቁብ ሲጣል አርባ ሰው ያያል። ለዚያ የትኛውም የፌስቡክ በጀት አይተካከልም። ለዳኛው ግን ኮሚሽን አትስጡት፤ ከፍላችሁት እንደሆነ የታወቀ ቀን ቃሉ ይረክሳል። በደንብ አገልግሉት፣ ሲደውል አንሡለት። ይበቃዋል።


ሕግ_ነክ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

አጭር ነገር። «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» የሚል መልስ እንዳታስቡ። በካናዳ አንድ መንገደኛ ኤር ካናዳን ከሰሰ። አያቱ ሞተውበት የሐዘን ቅናሽ ሲጠይቅ ቻትቦቱ ከጉዞ በኋላም ማመልከት እንደሚቻል ነገረው። ስህተት ነበር። አየር መንገዱ «ቻትቦቱ ለሚናገረው ኃላፊው ቻትቦቱ ራሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብሎ ተከራከረ። በፌብሩዋሪ 2024 ዳኛው ይህን አልተቀበለም፤ አየር መንገዱ እንዲከፍል ተወሰነበት።

እኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እናንተ የምትይዙት የነጋዴውን ዳታ ብቻ አይደለም፤ የባለዕዳዋ ስም፣ ዕዳዋም አለ። እሷ ፈቃድ አልሰጠችም። ድምፁ ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከመስፋፋታችሁ በፊት የሕግ ሰው አማክሩ። እስከዚያ ድምፁ ተገልብጦ ከጸደቀ በኋላ አጥፉት፤ ያላስቀመጡት ነገር አይሰረቅም።


ቁጥር_ወዳድ | ኀሙስ፣ ጠዋት 2፡00

ዋጋውን ማንም በደንብ አልነካውም።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እየተንቀሳቀሰባችሁ ነው። ብሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚከፍል ሁሉ ወጪው በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ደረሰ። በሌላ በኩል የሞዴሉ ዋጋ በፍጥነት እየወረደ ነው። የቻትጂፒቲ ሠሪዎች ሞዴል ጂፒቲ-4 በማርች 2023 ሲወጣ ወደ ሞዴሉ ለሚገባ አንድ ሚሊዮን ቶከን 30 ዶላር ነበር። በጁላይ 2024 የወጣው ትንሹ ጂፒቲ-4ኦ ሚኒ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ሆነ። ሁለት መቶ እጥፍ። ትንሹ ሞዴል ለእናንተ ሥራ ከበቃ፣ የነጋዴውን ዋጋ በዛሬው የቶከን ሂሳብ ላይ ማሠር አያስፈልግም።

ስለዚህ የምታስከፍሉበት መለኪያ ነጋዴው ራሱ የሚቆጥረው ነገር ይሁን። ድምፅ አይቆጥርም። ቶከንማ ምን እንደሆነም አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ባለዕዳ ግን ይቆጥራል። «ስንት ሰው ጋ አለኝ?» ብሎ ያስባል። ክፍት ሂሳብ ባላቸው ባለዕዳዎች ብዛት አስከፍሉ፤ እስከ ሃያ ሰው አንድ ዋጋ፣ እስከ ስድሳ ሌላ፣ ከዚያ በላይ ሌላ። ድምፁን እንደልቡ ይላክ።

ወይም ደግሞ ደፈር ብላችሁ በውጤት አስከፍሉ። ኢንተርኮም የሚባለው ድርጅት የደንበኞችን ጥያቄ ለሚመልሰው ፊን ለተባለ የኤአይ ረዳቱ ዋጋ ሲያወጣ በተፈታ ችግር 99 የአሜሪካ ሳንቲም አለ። ካልተፈታ ክፍያ የለም። እናንተም ከተሰበሰበው ዕዳ ትንሽ መቶኛ ብትወስዱስ?


የሱቅ_ልጅ | ኀሙስ፣ ጠዋት 2፡40

በመቶኛ የሚለውን እባካችሁ ተዉት። መቶኛ ለማስላት ነጋዴው የሰበሰበውን ሁሉ ሊያሳያችሁ ነው። አባቴ ለወንድሙ እንኳ አያሳይም። ደግሞ ከዕዳ ላይ የሚቆርጥ ሰው ስሙ ዕዳ ሰብሳቢ ነው። ሴትዮዋ ይህን ብትሰማ ሁለተኛ ያን ሱቅ አትረግጥም። በባለዕዳ ብዛት የሚለው ግን ገብቶኛል፤ አባቴም ይገባዋል።


ቁጥር_ወዳድ | ኀሙስ፣ ጠዋት 3፡05

እውነትሽን ነው። የውጤት ክፍያ የሚሠራው ውጤቱን ሁለቱም ወገን ለማሳየት ሲስማማ ነው። እዚህ አይሠራም። ሐሳቤን አንሥቻለሁ።


ኮድ_በቡና | ኀሙስ፣ ቀን 7፡15

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። «እንደልቡ ይላክ» ካላችሁ ለራሳችሁ ጣሪያ ይኑራችሁ። አንድ ሰው ቦቱን ለወሬ ቢጠቀምበት ወይ የአሥር ደቂቃ ድምፅ ቢልክ ማን ያያል? ከሁለት ደቂቃ በላይ የሆነን ድምፅ ቦቱ በትህትና «አሳጥረው ይላኩልኝ» ይበል። ለነጋዴውም ይጠቅመዋል፤ ድምፁ በረዘመ ቁጥር የሚሳሳትበት ይበዛል።


ደብተር_ያዥ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ማታ 2፡50

ሰላም ለሁላችሁ። የሠራነውን ልንገራችሁ፤ ባለውለታዎቼ ናችሁና።

ወጪውን በየሱቁ ለካን። ኮድ_በቡና እንዳልከው ትልቁ ቀዳዳ ታሪኩን በየጊዜው መላካችን ነበር። እሱን አቆምን፣ ወደ ትንሹ ሞዴል ወረድን። ስድሳ ድምፅ የሚልከው ነጋዴ አሁን አያስፈራኝም።

ማጽደቂያው ተመልሷል፤ ለብር፣ ለቀንና ለተመሳሳይ ስም ብቻ። «የትኛው ከድር?» ብሎ ይጠይቃል፣ ነጋዴው ራሱ የሚጠራበትን ቅጽል ስም ይዞ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያሳያል። ሁለት መቶ ድምፅ አልሞላንም፤ 130 ላይ ነን። ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ከዚህ ሥራ የተማርኩትን ያህል ከአራቱ ወር አልተማርኩም። አንዱ ነጋዴ ሰው ፊት ሲሆን የብሩን መጠን አይጠራም፤ «ያው የባለፈውን ያህል» ይላል። ቢሮ ተቀምጬ ይህን በምን አውቀው ነበር?

ማስታወቂያችን ላይ «ኤአይ» የሚለውን አወጣን። አሁን የሚለው «ዱቤዎን ይናገሩ፣ እኛ እንጽፋለን» ነው። ባልደረባዬ ለባለሀብቶች በሚያቀርበው ላይ ቃሉ አለ፤ በዚያ ተስማምተናል። ከታች በትንሹ ድምፁ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚጠፋ ጻፍን። የሕግ ሰውም ይዘናል።

ዋጋውን በባለዕዳ ብዛት አደረግነው። ከ14ቱ ዘጠኙ ከፈሉ። ሦስቱ እናስብበት ብለዋል፤ ሁለቱ ተዉት። ከተዉት አንዱ የኮልፌዋን ሴትዮ ያጣው ነጋዴ ነው። ሱቁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሻይ አስመጣልኝ፣ ተጨዋወትን፣ ግን አልተመለሰም። አልፈርድበትም።

ከከፈሉት ውስጥ እህል በረንዳ ያሉ ጋሼ አሉ። በቴሌብር ከፍለው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «የኔ ልጅ፣ እኔ የማየውን እሱም ቢያየው ምን አለበት? ሲከፍል ፊቱ ሰርዤለት ይሂድ።» የሱቅ_ልጅ፣ ያንቺን ጽሑፍ ያነበቡ ነው የመሰለኝ። ባለዕዳው ሱቁ ውስጥ ቆሞ የራሱን ገጽ ብቻ የሚያይበት፣ ሲከፍል መስመሩ ሲሰረዝ የሚመለከትበት ገጽ እያሰብን ነው። ኮድ አልነካንም፤ ወረቀት ላይ ሥዬዋለሁ። አባትሽ ፈቃዳቸው ከሆነ መጥቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። የሚያስቀይማቸው ነገር ካለ ከመሠራቱ በፊት ብሰማው ይሻለኛል።


የሱቅ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡35

ጠየቅኩት። «ትምጣ» ብሏል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነው። አሮጌውን ደብተርም ከቁም ሣጥን አውጥቼልሻለሁ፤ ጥቂት ያልተሰረዙ መስመሮች አሉበት፣ ስለ እነሱ ራሱ ያጫውትሻል።